የበረኛው ቀኝ ትከሻ

ባለፈው ጥር ከሆስፒታል ወደ ቤቴ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ጉልበቴን ሐኪም አይቶልኝ፣ የታዘዘልኝን ኪኒን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። አንድ የሸመገለ ድምፅ ስለ ድሮ ኳስ ያወራል። ሁለት ቃል እንደሰማሁ አወቅሁት። የከተማችን ቡድን የቀድሞ አሰልጣኝ ነው። ጋዜጠኛዋ ለውትድርና ተወስደው የተመለሱትን ተጫዋቾች ወደ ሜዳ እንዴት እንደመለሳቸው ጠየቀችው። ጉሮሮውን ጠረገና «በትዕግሥትና በሳይንሳዊ ሥልጠና ነው» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«እማማ፣ ሰውየውን ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ትልቅ አሰልጣኝ ነበሩ ይባላል።»

«ይባላል። አንተ መንገዱን እያየህ ንዳ።»

ቤቴ ገብቼ ኪኒኑን ከመዋጤ በፊት ደብተር ፈለግሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝም ብያለሁ። ብናገር «ሴትዮዋ ቂም ይዛ ነው» ብለው በአንድ ቃል እንደሚገላገሉኝ ስለማውቅ ነው ዝም ያልኩት። ቂም ይዣለሁ። ማንም ሳይቀድመኝ እኔው ልናገረው። ግን ቂም የያዘ ሰው ሁሉ አይዋሽም፤ እንዲያውም ነገሩን ከሌላው አጥብቆ ያስታውሳል።

እኔ ወጌሻ ነኝ። አባቴም ወጌሻ ነበር። በልጅነቱ ቅኔ ሊቆጥር ዲማ ወርዶ፣ ቅኔውን ሳይጨርስ ከአንድ መነኩሴ የአጥንት ሥራ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለእኔ ሰጠኝ። ለበዓል በግ ሲታረድ ትከሻውን ሳያስበልት ያመጣልኝና ዓይኔን አስጨፍኖ መጋጠሚያውን ያስወልቀኝ፣ መልሶም ያስገጥመኝ ነበር። ሌሎች ልጆች ጥብሱን ሲጠብቁ እኔ አጥንቱ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ እጠብቃለሁ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

አባቴ የከተማው ቡድን ወጌሻ በነበረ ጊዜ የቅቤ ጣሳውን ይዤ የምከተለው እኔ ነበርኩ። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው። በወረቀት የመዝገብ ቤት ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይባላሉ፤ እውነተኛው ሥራቸው ግን ኳስ ነበር። አባቴ ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ቁርጭምጭሚታቸውንና ጉልበታቸውን የማየው እኔ ሆንኩ። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ጸሎቱን ያደርሳል፣ ሰው ግን እሱ ያከመ ይመስለዋል። ሲያርፍ ቡድኑ በቦታው ሰርተፍኬት ያለው ወጣት ቀጠረ። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፋሻ ማሰር በደንብ ይችላል። እኔ አሰልጣኙ ዘንድ ሄጄ ሥራው የእኔ እንደነበር ስነግረው የሰጠኝ መልስ አንድ ነው።

«ሴት የወንድ ጭን እያሸች ሜዳ ላይ አትቆምም። ቡድኑን መሳቂያ ልታደርጊው ነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታ የማየው ከሜዳው የባሕር ዛፍ እንጨት አጥር ውጭ ቆሜ ነው። ተጫዋቾቹ ግን ሲመሽ በጓሮ በሬ ይመጡ ነበር። አሰልጣኙም ያውቃል። እሁድ ሲያሸንፍ በማን እጅ እንደታሹ አልጠየቀም።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው ጊዜ መጣ። ለየቀበሌው ኮታ ወረደ፤ ወጣቱ ከገበያም ከመንገድም ይታፈስ ጀመር። ሌላውን ለመያዝ መሮጥ ያስፈልግ ነበር። ተጫዋቾች ግን ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሜዳ ላይ እንደሚገኙ ከተማው በሙሉ ያውቃል። አንድ ማክሰኞ መኪና መጥቶ ሜዳው ዳር ቆመና ሦስቱን ማሊያቸውን እንደለበሱ ጫናቸው። እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩ። ማን እንደጠቆማቸው አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። ያየሁትን እጽፋለሁ። መኪናው ከሄደ በኋላ አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፍቶ ልምምዱን ቀጠለ።

ከሦስቱ አንዱ በረኛው ነበር። የሮብ ገበያ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ክንዱ የማያልቅ፣ ነገረኛ ሳቅ ያለው። ኳስ ይዞ ሲነሣ ለአጥቂው «ይቺ ያንተ ናት እንዴ? ተቀበለኝ» ይለው ነበር። በክፍለ ሀገሩ እንደሱ ያለ በረኛ አልነበረም የሚሉ ነበሩ። እኔ የክፍለ ሀገሩን ሁሉ ስላላየሁ እንዲህ አልልም። ካየኋቸው ግን እሱ ይበልጣል።

አራት ዓመት ቆየ። መንግሥቱ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እነሱም በእግራቸው መመለስ ጀመሩ። ከሦስቱ አንዱ አልተመለሰም። አንዱ ተመልሶ ኳስ የሚባል ነገር እንዳይነሣበት ብሎ ወደ እርሻው ገባ። በረኛው በመስከረም መጣ። አንድ ሳምንት እንኳ ሳያርፍ የድሮ ቁምጣውን ለብሶ ሜዳ ወረደ።

አሰልጣኙ ፍጹም ቅጣት ምት ከሚመታበት ቦታ አምስት ኳስ ደረደረና አምስቱንም በስተቀኙ መታ። አምስቱም ገቡ። የበረኛው ቀኝ እጅ ከጆሮው በላይ አልነሣ አለ። ቆሞ መረቡን ሲያይ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አየሁት። አሰልጣኙ ጮክ ብሎ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ «በቃ፣ ወታደር ሆነሃል። ኳስ እርሳ። ግምጃ ቤቱ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ጠመንጃ መያዝስ ለምደሃል» አለው።

በረኛው ያንኑ ምሽት በጓሮ በሬ መጣና ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ሬሳ ሆኛለሁ።»

«ሬሳ ደጄ መጥቶ አያወራም። ሸሚዝህን አውልቅ።»

በእጄ ሄድኩበት። አጥንቱ አልተሰበረም፣ አልወለቀምም። አራት ዓመት መትረየስ የተሸከመበት ትከሻ ወደ ፊት ተጎትቶ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ ጅማቱ እንደ ደረቀ ጠፍር ከሮ ነበር። ሰውየው ባዶ እጁን ሲሄድም ያን ጭነት እንደያዘ ነው የሚሄደው። ጥይት ያልነካውን ትከሻ ሸክም ገድሎታል።

«ይድናል?» አለኝ።

«ትታዘዘኛለህ?»

«አራት ዓመት ከመታዘዝ ሌላ ምን ሠራሁ? የተካንኩት እሱን ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ለበረኛ ገና ብዙ ጊዜ ነበረው፤ ትከሻው ከተመለሰ። ካልተመለሰ ግን ያ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ግምጃ ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እሱ በያዘው ጎል ውስጥ ሌላው ሲቆም ሊያይ ነው። ይህን እያሰብኩ ነው ቅቤውን ያሞቅኩት።

ማሸት ብቻውን እንደማይበቃ አውቄያለሁ። ጅማት የሚላላው በሥራ ነው። የቤቴ ግድግዳ በክረምቱ ዝናብ ተልጦ ነበርና ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አስቦካሁት፤ በቀኝ እጁ ብቻ እንዲመርግ አዘዝኩት። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ። በየቀኑ ጠዋት አሸዋለሁ፣ ከዚያ ይመርጋል፤ እጁ የደረሰበትን ቦታ በከሰል አሰምርበታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መስመሩ ከደረቱ አላለፈም። ሕመሙ ሲበረታበት ጥርሱን ነክሶ ግንባሩን እርጥቡ ጭቃ ላይ ያሳርፍ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ በጭቃ ይሞላል።

ሰፈሩ ይህን አግኝቶ ዝም አይልም።

«በረኛው ግንበኛ ሆነልሽ?» ይሉኛል።

«ጎሉን በጭቃ ሊደፍነው ነው እንጂ!»

የጎረቤቴ ሚስት ደግሞ አጥሩን ደግፋ ቆማ «ስትጨርሺ አውሺኝ። የኔም ጓዳ ተሰነጣጥቋል» ትላለች። በረኛው ዞሮ «እመት፣ መጀመሪያ ይቺን ልወጣት፤ ከዚያ የከተማውን በሙሉ እመርጋለሁ» ይላታል። ሳቁ መመለስ የጀመረው ከትከሻው ቀድሞ ነው።

በኅዳር መጨረሻ መስመሩ ከአፍንጫው እኩል ሆነ። የኔ ግድግዳ አለቀና ወደ ጎረቤት ተዛወርን፤ የሷ ጓዳ ሲያልቅ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቤት። በገና ሰሞን የአንዱ ቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር በቀኝ እጁ፣ በጣቱ ጫፍ ደረሰ። ደርሶ ግን እጁን አላወረደም። ጭቃው በክንዱ ላይ እየወረደ እንደተንጠራራ ቆመ። እኔም ወደ ቤት ገባሁ። ዓይኔ ማንም እንዲያየው በማልፈልገው ሁኔታ ላይ ነበር።

በጥር ተመልሶ ሜዳ ወረደ። አሰልጣኙ እንደገና አምስት ኳስ በስተቀኙ መታ። አራቱን ያዘ፤ አምስተኛውን በጣቱ ጫፍ ከአግዳሚው በላይ አሳለፈው። አሰልጣኙ የተሰበሰበው ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ በረኛውን «አየህ? ተስፋ አትቁረጥ ያልኩህ ለዚህ ነበር» አለ። ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሬዲዮው ታሪክ የተጀመረው እዚያው ጋ ይመስለኛል።

በረኛው ለአሰልጣኙ «ያዳነችኝ እሷ ናት» ብሎ ወደ አጥሩ አሳየው። አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

እስከ ሚያዝያ ድረስ ተጫወተ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በስተቀኙ የገባበት ጎል ቢበዛ ሁለት ነው። ከዚያ ወደ ላይኛው ውድድር የሚያሳልፈው የመጨረሻ ጨዋታ መጣ። ለቡድናችን አቻ ይበቃዋል። ያን ቀን ገበያተኛው ሳይቀር ሜዳ ነበር፤ ዛፍ ላይ የወጣው ሰው ቅርንጫፍ እየሰበረ ይወርዳል። እኔ በለመድኩት ቦታ፣ ከጎሉ ጀርባ ባለው አጥር በኩል ቆሜያለሁ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ባዶ ለባዶ እንዳሉ፣ አንድ ጠንካራ ኳስ በስተቀኝ መጣ። በረኛው ዘሎ አወጣው። ሲወድቅ ግን የተጋጣሚው ቡድን አጥቂ በላዩ ወደቀበት። የዚያን ጊዜ መጋጠሚያው ሲወልቅ ድምፁ ተሰማኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸ እንዴት ሰማሽ የሚሉኝ አሉ። በልጅነቴ ዓይኔን ጨፍኜ የተማርኩት ነው፤ ሰማሁት።

ባለ ሰርተፍኬቱ ወጣት ሮጦ ደረሰና ክንዱን ይዞ መሳብ ሲጀምር በረኛው ጮኸ።

«አትንካኝ! እሷን ጥሩልኝ!»

አንድ ተቀያሪ ተጫዋች ወደ አጥሩ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ነይ ተብለሻል።»

«በማን?»

«በኮች።»

«ኮች እግር የለውም?»

ልጁ ደንግጦ ተመለሰ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ በረኛው መሬት ላይ እየተንከባለለ ነበር፣ እኔም ማቆየቴ ትክክል አልነበረም። ዛሬም ለዚህች ይቅርታ የምጠይቀው በረኛውን ብቻ ነው። ግን ያን ሁሉ ዓመት ከአጥር ውጭ ቆሜያለሁ። አሰልጣኙ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ መጣ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ ነበር የምለው።

«ኧረ በናትሽ ፍጠኚ! ሕዝብ እያየን ነው!»

«ይየን። በሩን ያስከፍቱልኝ።»

«እዚች ጋ በስንጥቁ መሹለክ ትችያለሽ እኮ።»

«አልሾልክም። በበሩ ነው የምገባው።»

በሩ ተከፈተ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ሜዳውን አቋርጬ ሄድኩ። ከሕዝቡ አንዱ አፏጨ፣ ሌላው «ወጌሻዋ ገባች!» አለ፤ ከዛፍ ላይ ደግሞ «ዳኛ፣ ማሊያ አልለበሰችም!» የሚል መጣ። አልዞርኩም። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ተረከዜን ብብቱ ውስጥ አስገብቼ ክንዱን በሁለት እጄ ያዝኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እግሬን የወንድ ብብት ውስጥ ማስገባቴ ለወራት የተወራበት ነገር ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ የሱን ግን ማንም አላወራበትም።

«ስለ እናትህ ንገረኝ» አልኩት።

«እናቴ ምን ሆነ...» ሲል ሳብኩት። ገባ።

ላቡን ጠረገ፤ እጁን ቀስ ብሎ ዘረጋ፣ አጠፈ። ፊቱ በራ።

«አለፈልኝ እኮ! ልጫወት።»

አሰልጣኙ አጨበጨበ። «ይጫወታል! ሃያ ደቂቃ ነው፤ ዳኛ፣ ይጫወታል!»

«አይጫወትም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

ለሱ አልመለስኩለትም። ለበረኛው ነው የተናገርኩት። «ስማኝ። አጥንቱን አሁን ያቀፈው ጅማት እንደ እርጥብ ጭቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ትጫወታለህ፤ አንዴ ከወደቅህበት ግን ከእንግዲህ ኳስ በመጣ ቁጥር ይወልቃል። ዛሬን ትፈልጋለህ ወይስ የሚመጣውን ሁሉ?»

«እትዬ፣ ሃያ ደቂቃ እኮ ናት» አለ። ዓይኑ ውስጥ ያን ሁሉ ወር ያልለመነኝን ልመና አየሁ። ከግምጃ ቤቱ በር ያዳንኩት ሰው ነው፤ ያን ጨዋታ ከማንም በላይ እንዲጫወት የምፈልገው እኔ ነበርኩ። ከአፌ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«ውጣ።»

ጓንቱን አወለቀና ወጣ።

አሰልጣኙ ፊቴ ላይ መጥቶ ቆመ። «አንቺ ማን ነሽና ነው ተጫዋቼን የምታስወጪው?»

«ራስዎ መጥተው የጠሩኝ ነኛ።»

ተቀያሪው በረኛ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ጨዋ ሰው፣ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍን። ሁለት ገባበት። ቡድናችን ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ያውቃል፣ ግን ገልብጦ ነው የሚያውቀው። ሴት ሜዳ ገብታ ዕድላችንን ሰበረች ተባለ። ወፍጮ ቤት ስሄድ ወረፋ የያዙት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዱ ደጄ ላይ የተቀደደ ኳስ ጥሎብኝ ሄደ። አሰልጣኙ በየመጠጥ ቤቱ «እጄ ላይ የነበረውን ዋንጫ አንዲት ወጌሻ ቀማችኝ» ሲል ከረመ። ባለ ሰርተፍኬቱ ወጣት ብቻ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ልክ ነበሩ» አለኝ። ለሱ ዛሬም አክብሮት አለኝ።

ትከሻው ያችን ሃያ ደቂቃ ይችላት ነበር? ሊሆን ይችላል። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ መልሱን ግን አላውቅም። የማውቀው ብዙ ጊዜ ያየሁትን ነው፦ ባልጠና ትከሻ የተጫወተ ሰው ቡድኑ ካለፈ በኋላ ቤቱ ይቀራል፣ ያኔ ስሙን የሚጠራው የለም። ውትድርናው አራት ዓመት ወስዶበታል። የቀረውን ለአንድ እሁድ ብዬ አልሰጥም። ዛሬም ቢሆን ውጣ ነበር የምለው።

ክንዱን አርባ ቀን አሰርኩት። ከዚያ እንደገና ማሸት፣ እንደገና ግድግዳ። ክረምት ስለነበር ደጁን መምረግ አይቻልም፤ የሦስት ቤት ጓዳ መረገ። አንድም ቀን ስለዚያ ጨዋታ አላነሣብኝም። አንድም ቀን ደግሞ አመሰግናለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሁለታችንም አፋችን እንደዚያ ነው።

አዲሱ የውድድር ዘመን ሲከፈት ሜዳው እንደገና ሞላ። እኔ አልሄድም ብዬ ነበር፤ እግሬ ግን ወሰደኝ። ሁለቱ ቡድኖች ወጥተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጎላችን ባዶ ነው። ሰው መንጫጫት ጀመረ። በረኛው ከቡድኑ ተለይቶ በመስመሩ ዳር፣ በቀስታ፣ ወደ እኔ እየመጣ ነበር። አጥሩ ጋ ደረሰ፣ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ማሊያውን ከቀኝ ትከሻው ላይ ገለጠ።

«እትዬ፣ እስቲ እይልኝ። አንቺ ካላየሽው አልገባም።»

«ሰው እየጠበቀህ ነው።»

«ይጠብቅ። ለኮች ነግሬዋለሁ፤ በየጨዋታው እንዲህ ነው።»

በየጨዋታውም እንዲህ ሆነ። ስድስት ዓመት ተጫወተ፤ ለክልሉ ምርጥ ቡድንም ተጠራ። ትከሻው አንድ ጊዜ እንኳ አልወለቀም። በዚህ ከተማ በተደረገ ጨዋታ ሁሉ ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት አጥሩ ጋ መጥቶ ጀርባውን ሳይሰጠኝ ጎሉ ውስጥ የቆመበት ቀን የለም። ኋላ ላይ ሕዝቡ ለመደው፤ እንዲያውም ከዛፍ ላይ «ፍተሻ አለ! ፍተሻ አለ!» እያሉ ያጨበጭቡ ነበር።

የመጀመሪያዋ ቀን ግን ጭብጨባ አልነበረም። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። አሰልጣኙ መስመሩ ዳር ሆኖ አንዴ ሰዓቱን ያያል፣ አንዴ እኛን ያያል። እጄን በአጥሩ መሃል አሳልፌ ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። መጋጠሚያውን በአውራ ጣቴ ዞርኩት፣ ጅማቱን ከላይ ወደ ታች ወረድኩበት፣ ክንዱን እንዲያነሣ፣ እንዲያወርድ፣ ደግሞ እንዲያነሣ አደረግሁት። ደህና እንደነበር እጄ ገና ሲነካው አውቄያለሁ። ቢሆንም አልቸኮልኩም።